የድመት ናና በደሴ ግቢ፤ ለማን ያብባል፣ መቼስ ያብባል?

ስለ ድመት ናና የሚነበበው ምክር ሁሉ ማለት ይቻላል ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ አትክልተኛ የተጻፈ ነው። ተክሉ በረዶ ሲቀልጥ እንደሚያቆጠቁጥ፣ ቀኑ ሲረዝም እንደሚያብብ፣ የመጀመሪያው አበባ ሲጠወልግ ቢከረከም ከብርዱ በፊት አንድ ጊዜ ደግሞ እንደሚያብብ፣ ባምብልቢ የምትባለው ጸጉራም ደንዳና ንብም ከጠዋት እስከ ማታ እንደማትለየው ይነገራል። ይህ ሁሉ በስፍራው እውነት ነው። ደሴ ላይ ግን በረዶ የሚቀልጥበት ወር የለም፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ ባምብልቢም ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮዋ አትገኝም። ስለዚህ ለንብና ለወፍ የሚመች ግቢ አበጃለሁ ብሎ ይህን ተክል ወሎ ውስጥ የሚተክል ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ አበባው የሚያስፈልገው ለማን ነው፣ በየትኛውስ ወር? የእኔ መልስ አጭር ነው። የድመት ናና በእኛ ደጋ ቦታ የሚገባው፣ ንቦች የሚቀስሙት በሚያጡበት በበጋው ወራት እንዲያብብ አድርጎ የሚገራው ሰው ሲገኝ ነው። በቀረው ጊዜ ከአገራችን ዘመዶቹ የሚበልጥበት ምክንያት አይታየኝም።

የድመት ናና፣ በዕፅዋት ሊቃውንት አጠራር ኔፔታ፣ የናና፣ የበሶብላ፣ የጦስኝና የዳማከሴ ቤተሰብ ነው። አራት ማዕዘን የሆነውን ግንድ በሁለት ጣቱ መካከል ያሽከረከረ ሰው ዝምድናው ወዲያው ይታወቀዋል። በዓለም ላይ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሚበቅሉት ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ እስከ መካከለኛው እስያ በተዘረጋው ደረቅና ድንጋያማ ምድር ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ዝርያዎች አንዱ፣ ኔፔታ አዙሪያ የሚባለው ሰማያዊ አበባ ያለው ተክል፣ የእኛው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፤ በኢትዮጵያም ተራሮች ላይ ይገኛል። ይህን የሚያውቅ አትክልተኛ ከስንት አንድ ነው። እኔ ባየኋቸው የችግኝ ጣቢያዎች ውስጥ የሚያባዛው አልተገኘም፤ የአገሩን ተወላጅ ትቶ ባሕር ማዶ የተዳቀለውን መፈለግ ለምን እንደ ሥልጣኔ እንደሚቆጠርብን ዛሬም አልገባኝም።

በአትክልተኞች እጅ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ኔፔታ ካታሪያ ነው፤ እስከ አንድ ሜትር የሚመዘዝ፣ ቅጠሉ ለስላሳ ጸጉር ያለው፣ ነጭ አበባው ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ የሚታይበት፣ በዘሩም በቀላሉ የሚራባ ነው። ሁለተኛው ኔፔታ ፋሴኒ የሚባለው ድቅል ነው፤ ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይል ጎን ለጎን የሚንሰራፋ፣ ቅጠሉ አመድማ አረንጓዴ፣ አበባው ወይን ጠጅና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ነው። ከድቅሉ ወገን ዎከርስ ሎው የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የቋሚ አበቦች ማኅበር የዓመቱ ተክል ተብሎ ተመርጧል፤ ሲክስ ሂልስ ጃያንት የሚባለው ደግሞ ቁመቱ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ድቅሉ መካን ስለ ሆነ የሚበቅል ዘር አያፈራም። ስለዚህ በፓኬት ታሽጎ «ፋሴኒ» ተብሎ የሚሸጥ ዘር ያየ ሰው፣ ውስጡ ያለው ሌላ ዝርያ፣ ብዙውን ጊዜም ከወላጆቹ አንዱ የሆነው ኔፔታ ራሴሞሳ መሆኑን ይወቅ። እውነተኛው ድቅል የሚገኘው ከሌላ ሰው ግቢ ሥሩ ተከፍሎ ወይም ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲመጣ ብቻ ነው።

ይህ መካንነት ለእኛ ከውበቱ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ከውጭ የገባ ተክል አጥር ዘልሎ ሲወጣ የሚያደርሰውን ጥፋት ወሎ በሚገባ ያውቀዋል። ቅንጨ አረም በራያና በቆቦ የማሽላና የጤፍ ማሳ ላይ ያደረገውን፣ የወፍ ቆሎ ደግሞ ቆላውን ቁጥቋጦ እንዴት እንዳለበሰው ያየ ሰው፣ «አበባው ያምራል» የሚለው ቃል ብቻውን እንዲበቃው መፍቀድ የለበትም። ካታሪያ በሰሜን አሜሪካ ከጓሮ ወጥቶ በመንገድ ዳርና በተተወ መሬት ላይ ራሱን ችሎ የሚበቅል ሆኗል። እኛ ዘንድ እንዲህ አደረገ ተብሎ ሲነገር አልሰማሁም፤ ቢሆንም እኔ የአበባው ዘለላ ጠውልጎ ዘሩ ከመብሰሉ በፊት እቆርጠዋለሁ፤ ድቅሉን ግን በዚህ ረገድ ያለ ሐሳብ እተወዋለሁ። ዘርም ሆነ ችግኝ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት እንደሚያስፈልግም መዘንጋት አይገባም፤ በሻንጣ ውስጥ ተደብቆ የመጣ አንድ ጭብጥ አፈር ስንት ዓይነት ተባይ ይዞ እንደሚመጣ ማንም አይቆጥረውም።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ የዚህም ትልቁ ድርሻ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። የድመት ናናን የሚገድለው ይኸው ነው። ብርድ አያስፈራውም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያለውን የድንች ቅጠል አቃጥሎ የሚያድረው ውርጭ፣ በሰሜን አገሮች ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርድ ቅዝቃዜ ችሎ ለሚያድር ተክል ቁም ነገር አይደለም። ሥሩ ለሳምንታት ውሃ ውስጥ ሲቆም ግን ከአንገቱ ጀምሮ ይጠቁራል፤ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ሥሩ ቀድሞ ይበሰብሳል። ስለዚህ ዋልካ አፈር ባለበት ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ መትከል ማለት ነሐሴ ላይ የሚሞት ተክል መትከል ማለት ነው። መፍትሔው መደቡን ከፍ ማድረግ ነው። እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ካብ ይካባል፤ ከሥሩ የድንጋይ ስብርባሪ ይደለደላል፤ በላዩ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር የተቀላቀለ አፈር ይሞላል። እርከን የሠራ እጅ ባለበት አገር ይህ ከባድ ሙያ አይደለም። ፍግ ማብዛት አያስፈልግም፤ አፈሩ ሲሰባ ተክሉ ቅጠል ብቻ ያወጣና በመጀመሪያው ነፋስ መሐሉ ተከፍሎ ይተኛል። በሁለት ተክሎች መካከል ግማሽ ሜትር ገደማ መተው በቂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እመጣለሁ። በደጋው ያለ የማር ንብ ዓመቱን የሚኖረው በጥጋብና በችጋር እየተፈራረቀ ነው። ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባውና መቹ ሜዳውን ሲያለብሱት፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ትልቁ የቀሰም ወቅት ነው፤ ዋናው ማርም የሚቆረጠው ይህን ተከትሎ ነው። በዚህ ወቅት አንድ መደብ የድመት ናና ኖረ አልኖረ ለንቡ የሚያመጣው ለውጥ የለም። አደዩ ከረገፈና ሳሩ ከደረቀ በኋላ ግን፣ በተለይም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ግቢያችን ውስጥ የሚያብበው ነገር በጣት የሚቆጠር ነው። የበልግ ዝናብ በወቅቱ ከጣለ በመጋቢትና በሚያዝያ መጠነኛ እፎይታ ይገኛል፤ ወሎ ውስጥ በልግ ሊታመን የማይችል እንግዳ መሆኑን ግን ገበሬው ከማንም በላይ ያውቃል።

የድመት ናና ጥሩ ጠባዩ መቀስ መስማቱ ነው። አበባው ሲጠወልግ ከቁመቱ ግማሽ ያህሉ ቢቆረጥና ውሃ ቢያገኝ፣ ከአንድ ወር እስከ ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ እንደ ገና ያብባል። አውሮፓ ውስጥ ይህ መከርከም የሚደረገው ለዓይን ሲባል ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የአበባውን ቀን ወደ ችጋሩ ወር የምንገፋበት መሣሪያ ሊሆን ይችላል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። በጥቅምት ሜዳው ሁሉ ቢጫ በሆነበት ጊዜ ተክሉ ቢያብብም ስለማይጠቅመኝ፣ ጥቅምት ሲያልቅ የመደቡን ግማሽ አሳጥሬ እቆርጠዋለሁ፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ ኅዳር ሊያልቅ ሲል እቆርጠዋለሁ። የመጀመሪያው ክፍል በታኅሣሥ፣ ሁለተኛው በጥር ያብባል፤ የመጀመሪያው ሲያረጅ ሁለተኛው ይተካዋል። በየካቲት ሌላ ዙር ይከተላል። ግንቦት ሲያልቅ ግን ሁሉንም ዝቅ አድርጌ እከረክማለሁ፤ ክረምቱን ጥቅጥቅ ብሎ በገባ ቅጠል ውስጥ ሻጋታ ይራባልና። በበጋው ወራት የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለአበባ ውሃ ማጠጣት ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ተክሉ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ከሥሩ በደንብ ከጠጣ ይበቃዋል፤ ጎመንና ድንች የታጠበበት ውሃም ለዚህ ያገለግላል።

አበባውን ቀረብ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። እያንዳንዱ አበባ ሁለት ከንፈር ያለው ትንሽ ቱቦ ነው፤ የታችኛው ከንፈር ሰፋ ብሎ ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ በላዩም ወደ ጉሮሮው የሚመሩ ነጠብጣቦች አሉት። የላይኛው ከንፈር ጣሪያ ሆኖ ይቆማል፤ ከሥሩ አራት የብናኝ ዘንጎች በጥንድ በጥንድ ተጠልለዋል። ንቧ ታችኛው ከንፈር ላይ አርፋ አንገቷን ወደ ውስጥ ስትሰድ፣ ጣሪያው ሥር ያሉት ዘንጎች ጀርባዋን ይዳስሱትና በራሷና በትከሻዋ መካከል ነጣ ያለ ዱቄት ይተዉባታል። ያ ስፍራ እግሯ በቀላሉ የማይደርስበት በመሆኑ ጠርጋ ሁሉንም ማንሣት ያዳግታታል። አበባው በመጀመሪያ ብናኙን ይሰጣል፤ ቆየት ብሎ ከዘንጎቹ መካከል መንታ ጫፍ ያለው የሴቴ ክፍል ይረዝምና ከሌላ አበባ የመጣውን ብናኝ ከዚያው ከንቧ ጀርባ ላይ ይቀበላል። በአንድ ዘለላ ላይ ያሉት አበቦች በአንድ ቀን ስለማይፈነዱ፣ ንቧ ከአንዱ መደብ ሳትርቅ ለረጅም ጊዜ የምትሠራበት ምክንያት አላት።

የማር ንብ ምላስ ርዝመቱ ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የካታሪያ አበባ አጭር ስለ ሆነ ንቧ ሳትቸገር ወለላው ላይ ትደርሳለች፤ የድቅሉ ቱቦ ረዘም ስለሚል ምላሰ ረጅም ለሆኑት ብቸኛ ንቦች ይበልጥ ይመቻል። ከእነዚህ ውስጥ እኔ አብዝቼ የምወዳቸው አሜጊላ የሚባሉት ናቸው፤ ሆዳቸው ላይ ደማቅ ቀለበት ያለባቸው፣ አየር ላይ ቆመው አበባውን ከመረመሩ በኋላ ቀጥ ብለው የሚገቡ፣ ድምፃቸው ከማር ንብ ይልቅ ቀጠን ያለ ንቦች ናቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ መደቡ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው፣ ወንዶቹ በደረቀ ቀንበጥ ላይ በመንጋጋቸው ብቻ ነክሰው፣ እግራቸውን ሰብስበው ተንጠልጥለው ሲያድሩ ሊያገኛቸው ይችላል፤ ቀፎ የላቸውምና። ሴቶቹ ጎጇቸውን የሚሠሩት በአፈር ገደልና በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ በግቢው ጥግ ያለውን አሮጌ የጭቃ ማዕድ ቤት ከማፍረስ በፊት ግድግዳው ላይ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ መኖሩን ማየት ብልህነት ነው።

እንጨት ሰርስራ የምትኖረው ትልቋ ጥቁር ንብም ትመጣለች፤ ክብደቷ ቀንበጡን ዝቅ ያደርገዋል። አንዳንድ ጊዜ በደጅ መግባት ትታ የረዘመውን አበባ ከሥሩ በስታ ወለላውን ትሰርቃለች። ይህችን ንብ የሚፈሯት ብዙ ናቸው፤ ወንዱ መናደፊያ የለውም፤ ሴቷም በእጅ ካልጨበጧት አትናደፍም። የደረቀ የቃጫ ዘንግ ወይም ያረጀ ግንድ በአጥሩ ሥር ቢተውላት የቤቱን ማገር አትነካም። ጣዝማን ግን በዚህ አበባ ላይ ማየቴን በእርግጠኝነት አልናገርም፤ ይሁን እንጂ መሬት ውስጥ የምትኖር ንብ ስለ ሆነች፣ ግቢውን ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ የሚያስነጥፍ ሰው ለእሷም ሆነ ለሌሎች የመሬት ንቦች ቤት እንደዘጋባቸው ማሰብ ይኖርበታል።

ስለ ተክሉ ሽታ ጥቂት ልበል። ኔፔታላክቶን የሚባለው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1941 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተለይቶ ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ ቶማስ አይስነር የሚባሉ ተመራማሪ ይህ ሽታ ብዙ ዓይነት ነፍሳትን እንደሚያርቅ አሳዩ። ተክሉ ይህን የሚያመርተው ቅጠሉን ከሚበሉት ለመጠበቅ ነው፤ ድመት የሰከረችበት በአጋጣሚ ነው። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ኔፔታላክቶን የክሽክሽ ሴቶች ወንዱን የሚጠሩበት ሽታ አካል መሆኑ ነው። ክሽክሽን የሚበሉት መረብ የመሰለ ክንፍ ያላቸው አረንጓዴ ነፍሳትና ጥቃቅን ተርቦች ይህን ሽታ ተከትለው ታዳኛቸውን ይፈልጋሉ። ስለዚህ የድመት ናናን ከጎመኑ መደብ አጠገብ መትከል ምክንያት ያለው ነገር ነው፤ ጎመኑ ላይ መድኃኒት እየረጩ ግን ከዚህ ጥቅም መጠበቅ አይቻልም፤ የሚረጨው መድኃኒት የሚገድለው በላተኛውንም የበላተኛውን በላተኛም ነውና።

ወባ የሚያሰጋቸው በኮምቦልቻና በባቲ አቅጣጫ የሚኖሩ ወዳጆቼ ቢንቢን ያባርር እንደሆነ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ዘይቱ ቢንቢን ያርቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናትም ዘይቱ የቢንቢኗን የሕመም ተቀባይ እንደሚቀሰቅስ አሳይቷል። መሬት ላይ የቆመ ተክል ግን ከቅጠሉ ውስጥ ያለውን ዘይት ወደ አየር የሚለቀው በጥቂቱ ነው። አጎበሩን የሚተካ ነገር የለም።

ድመቶቹን በተመለከተ፣ ከሦስት ድመቶች ሁለቱ ያህል ለዚህ ሽታ ይገዛሉ፤ ይህም ከወላጅ የሚወረስ ጠባይ ነው፤ ግልገሎች ገና በጥቂት ወር ዕድሜያቸው አይነካቸውም። ካታሪያ ከድቅሉ ይበልጥ ይስባቸዋል። የጎረቤቴ ድመት መደቡ ላይ ጀርባዋን እያሻሸች ስትንከባለል፣ ባለቤቷ የሆኑት እናት በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው፣ «ያ ረቢ! አንተ ልጅ፣ ድመቴን ምን አቅምሰሃት ነው?» አሉኝ። «ምንም አላቀመስኳትም እማማ፣ ቅጠሉ ነው፤ አሁን ይለቃታል፤ አይጨነቁ» አልኳቸው። በእርግጥም ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተነሥታ፣ ምንም እንዳልሆነች፣ ጸጉሯን ልሳ ሄደች። እሳቸው ግን አልተዋጠላቸውም፤ «ጫት መሆኑ ነው በላ!» ብለው ሥቀው ገቡ።

ነገሩ ቢያሥቅም ለወፍ የሚመች ግቢ ለሚያበጅ ሰው ከባድ ጣጣ አለው። ድመት የሚጠራ ተክል ተክሎ አጠገቡ ለወፍ የውሃ ሰሃን ማስቀመጥ ወፏን ለድመት ማቅረብ ነው። ተክሉ ቁጥቋጦ ሠርቶ ለድመቷ መደበቂያ ይሆናታል፤ ወፏም ውሃ ስትጠጣ ክንፏ ረጥቦ ቶሎ አትነሣም። ስለዚህ የውሃው ሰሃን ከመደቡ የራቀ፣ ዙሪያው ግልጥ የሆነ፣ ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ መሆን አለበት፤ ውስጡም ንቦች የሚቆሙበት ጠጠር ይደረግበት። ገና ሥር ያልሰደዱትን ችግኞች ደግሞ ድመት እንዳትጨፈልቃቸው የአጋም እሾህ ጣል ማድረግ ይበቃል፤ ቀንበጡ በእሾኹ መካከል አልፎ ያድጋል። ድመት በብዛት በሚዞርበት ሰፈር ካታሪያን ጨርሶ ባይተክሉት እመርጣለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዘመዶቹን ሳላነሣ ብቀር አድልዎ ይሆንብኛል። ዳማከሴ የሌለበት ግቢ ደሴ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ምች የመታው ሁሉ ቅጠሉን ቀንጥሶ ይሄዳልና አንድም ጊዜ በወጉ ሲያብብ አይታይም። አንዱን ቁጥቋጦ ለሰው፣ አንዱን ለንብ ብሎ መክፈል ምንም ወጪ የለውም። ጦስኝ የአገራችን ደጋ የራሱ ተክል ነው፤ የድመት ናና የሚፈልገውን ዓይነት ውሃ የማይቋጥር ጠጠራማ አፈር ስለሚወድ ከካቡ ጫፍ ላይ አብሮት ይስማማል፤ ከተራራ እየተነቀለ ገበያ የሚወጣው ጦስኝ በበዛበት በዚህ ዘመን በግቢ ማልማቱም ለተራራው እፎይታ ነው። በሰሜን ወሎና በዋግ የነጩ ማር ምንጭ ከሆኑት አንዱ የሆነው ማንጠሴም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ራስ ክምር ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ብርቱካንማ ረጃጅም አበቦቹ ግንዱን ከበው ደረጃ በደረጃ ስለሚወጡ፣ ወለላ የምትመጠው ወፍ እያንዳንዱን ደረጃ እየዞረች ትጨርሳለች። እ.ኤ.አ. በ1814 በተከዜ ስም የተሰየመችው፣ ወንዱ ጥቁር ሲመስል ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ሐምራዊ የሚያብረቀርቅ ጭራ ረጅሙ ወፍ፣ ከድመት ናና አበባ የምታገኘው ነገር የለም፤ ከራስ ክምር ግን አትለይም። የተከዜ ምንጭ ላስታ ውስጥ መሆኑን ለሚያውቅ ወሎዬ ይህችን ወፍ ግቢው ሳይጋብዝ መቅረት ያሳፍራል።

አበባ ሁሉ ለንብ እኩል አለመሆኑንም ሰው ሊያውቀው ይገባል። እንግሊዝ አገር የሚገኘው የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች 32 የጓሮ አበባ ዓይነቶችን አወዳድረው፣ ነፍሳት በብዛት በሚጎበኙት አበባና ጨርሶ በማይቀርቡት መካከል የመቶ እጥፍ ያህል ልዩነት አግኝተዋል። ከሚጎበኙት መካከል የድመት ናና ዘመድ የሆኑት ላቬንደርና ማርጆራም ነበሩ፤ በየበረንዳችን በጣሳ ተተክሎ የምናየው የጀራኒየም ዓይነት ግን ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነው። ጀራኒየሙን አስወግዱ አልልም፤ ቀዩ አበባ ለቤቱ ሰው ደስታ ነው። ከጎኑ ግን አንድ ጣሳ በሶብላ እስኪያብብ ቢተው ልዩነቱ በዚያው ሳምንት ይታያል።

በሶብላን ካነሣሁ አይቀር፣ ኮምቦልቻ ላይ ከ1,850 ሜትር ገደማና ከዚያ በታች ለሚኖር ሰው የድመት ናናን አልመክርም። እዚያ ሙቀቱ ቀንበጡን ያሳንፈዋል፤ በሶብላ ያንኑ አገልግሎት በአነስተኛ ድካም ይሰጣል። ከደሴ ወደ ኩታበር፣ ወደ ቦሩ ሜዳና ወደ ላይኛው ደጋ ያሉት ግን ቢሞክሩት አይከፉም። ሥር ለመክፈል ምቹው ጊዜ ዝናቡ ቀለል ብሎ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ በመስከረም አጋማሽ ነው፤ ያበበ ሳይሆን ለጋ ቀንበጥ፣ አንድ ጣት ያህል ርዝመት ኖሮት፣ የታችኛው ቅጠሉ ተቀንጥሶ አሸዋ በበዛበት አፈር በጥላ ሥር ቢተከል ሥር ይሰዳል። ከድቅሉ ለጠየቀኝ ሁሉ ቆርጬ እሰጣለሁ። የካታሪያን ዘር ግን፣ ዘለላውን በጊዜው እንደሚቆርጥ እርግጠኛ ለሆንኩበት ሰው ካልሆነ በስተቀር፣ ለማንም አልሰጥም።